እፎይታው ሲያልፍ፦ የአእምሮ ሐኪሞች ስለ ኦሲዲና ስለ ሕክምና ካናቢስ
(በሚኒሶታ ለአማርኛ ተናጋሪ አድማጮች የተሰጠ የሕዝብ ትምህርት ንግግር)



በምንኖርበት በሚኒሶታ ግዛት ኦገስት 1 ቀን 2023 ሁለት ነገሮች በአንድ ቀን ሥራ ላይ ዋሉ። የግዛቱ ጤና መምሪያ ኦሲዲ የተባለውን የአእምሮ ሕመም የሕክምና ካናቢስ ከሚፈቀድላቸው ሕመሞች ዝርዝር ውስጥ አስገባ። በዚያው ዕለት ደግሞ 21 ዓመት የሞላው ሰው ሁሉ ያለ ሐኪም ወረቀት ካናቢስ ይዞ መገኘቱ በግዛቱ ሕግ ወንጀል መሆኑ ቀረ። ለኦሲዲ ታማሚዎች በሩ በተከፈተበት ቀን አጥሩም አብሮ ፈረሰ። ከዚያ ወዲህ ታማሚውም፣ እናቱም፣ አንዳንዴም ንስሐ አባቱ እኛን ሐኪሞቹን የሚጠይቁን አንድ ጥያቄ ነው፦ «መንግሥት ከፈቀደው መድኃኒት ነው ማለት አይደለም ወይ?»

አይደለም። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በ2019 ባወጣው የአቋም መግለጫ ካናቢስ ለየትኛውም የአእምሮ ሕመም እንደሚጠቅም የሚያሳይ ሳይንሳዊ ማስረጃ የለም ብሏል። የሚኒሶታ ጤና መምሪያ ውሳኔውን ያስታወቀው ከዚያ በኋላ፣ በ2022 መጨረሻ ነው። ይኸው መምሪያ ቀደም ሲል ለጭንቀት ሕመም የቀረበለትን ተመሳሳይ አቤቱታ ማስረጃው አይበቃም ብሎ መልሶት ነበር። ለኦሲዲ ያለው ጥናት ለጭንቀት ካለው አይበልጥም፤ እንዲያውም ያንሳል። እኔ እንደሚገባኝ ሚዛኑን ያጋደለው የሕመሙ ጭካኔ ነው፤ ያሉት ሕክምናዎች ለብዙ ሰው አይበቁም፣ ስቃዩም ረጅም ነው። ለመንግሥት መሥሪያ ቤት ይህ በቂ ምክንያት ሊሆን ይችላል፤ በር መክፈት የሱ ሥራ ነውና። ሐኪም ግን ከበሩ ወዲያ ምን እንዳለ ይጠየቃል። ለዚህ ደግሞ መጀመሪያ ሕመሙ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ያስፈልጋል።

ኦሲዲ ሁለት ነገር አንድ ላይ ነው። አንደኛው ሳይጠሩት የሚመጣ፣ ሲያባርሩት የሚብስ ሐሳብ ነው፦ እጄ ተበክሏል፣ ምድጃውን አላጠፋሁም፣ ልጄን እጎዳው ይሆን፣ እግዚአብሔርን ሰደብኩ። ሁለተኛው ያንን ሐሳብ ለማብረድ የሚደረገው ነው፦ መታጠብ፣ ተመልሶ ማየት፣ መቁጠር፣ ሰው መጠየቅ፣ በልብ መድገም። ከቤት ሲወጣ ምድጃውን አንድ ጊዜ ተመልሶ ያላየ ሰው የለም፤ ያ ሕመም አይባልም። ሕመም የሚባለው በቀን ከአንድ ሰዓት በላይ ሲበላ ወይም ሥራንና ትዳርን ሲያውክ ነው። በአሜሪካ ከመቶ ሰው ሁለት ያህሉን በዕድሜው አንድ ወቅት ያገኘዋል፤ አብዛኛውን ጊዜም የሚጀምረው በልጅነት ወይም በወጣትነት ነው።

በእኛ ሰው ዘንድ ሲመጣ ምን እንደሚመስል ላሳያችሁ። የማንም የተለየ ሰው ታሪክ አይደለም፤ ከብዙ ሰው የተውጣጣ ነው። አንዲት ወጣት ከመተኛቷ በፊት አባታችን ሆይ ትላለች። መሃል ላይ ስትደርስ አንድ ጸያፍ ሐሳብ ብልጭ ይልባታል። ጸሎቱ ረከሰ ብላ ከመጀመሪያው ትጀምራለች። ሐሳቡ ይመለሳል፤ እሷም ትመለሳለች። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ገና ቆማለች፤ ጠዋት ደግሞ ሥራ አለባት። እሑድ ንስሐ አባቷ ዘንድ ሄዳ ትናዘዛለች። ማክሰኞ ትደውላለች፦ «አባ፣ ያችን ቃል በትክክል ነግሬዎት ነበር?» አባም «ልጄ፣ ተናዝዘሻል፣ አለቀ፣ በሰላም ዋዪ» ይሏታል። ለአንድ ሰዓት ያህል እፎይ ትላለች። ሐሙስ እንደገና ትደውላለች። መስጊድ የሚሄደው ወንድማችን ዘንድ ደግሞ ሕመሙ ውዱእ ላይ ይመጣል፤ ክርኔን ውሃው ነክቶታል ወይስ አልነካውም እያለ ቧንቧው ሥር እንደ ቆመ ጀማዓው ሰግዶ ይበተናል።

ቤተሰብ አስተውሎ የሚያየው ጸያፉን ሐሳብ ወይም ድግግሞሹን ነው። ሐኪም የሚያየው ያችን የአንድ ሰዓት እፎይታ ነው። ሕመሙን የምትቀልበው እሷ ናት። ልጅቷ ደግማ በተረጋጋች ቁጥር አእምሮዋ አንድ ትምህርት ይወስዳል፦ አደጋው እውነት ነበረ፣ ያዳነኝም መድገሜ ነው። ነገ ሐሳቡ ሲመጣ ያንኑ ትምህርት ይዞ ይጠብቃታል።

በ1966 በለንደን ይሠራ የነበረ ቪክተር ሜየር የተባለ የሥነ ልቦና ባለሙያ ነገሩን ገለበጠው። ታማሚዎቹ የሚፈሩትን ነገር እንዲነኩ፣ ከነኩም በኋላ እንዳይታጠቡ አደረገ። ከዚያ ወዲህ የመጋፈጥ ሕክምና የምንለው ከዚህ ያደገ ነው። ልጅቷ ጸሎቷን አንድ ጊዜ ትላለች፤ ጸያፉ ሐሳብ ይመጣል፤ አትደግምም፤ ለአባም አትደውልም። ጭንቀቱ ይወጣል፣ ይወጣል፣ ከዚያ ማንም ሳያወርደው ይወርዳል። አንዳንድ ቀን እስከ መጨረሻው ላይወርድም ይችላል፤ እሷ ግን ጭንቀቱን ተሸክማ ሳትደግም መተኛት እንደምትችል ታውቃለች። ንስሐ አባቷ ይህን ተረድተው «ልጄ፣ ዛሬ አልመልስልሽም፤ ሂጂ ተኚ» ቢሏት ሕክምናውን አገዙ እንጂ ልጃቸውን አልተዉም።

መድኃኒቶችም አሉ። ፍሉኦክሰቲን፣ ሰርትራሊን፣ ፍሉቮክሳሚን፣ ከእነሱ ቀድሞ የነበረው ክሎሚፕራሚን። ለኦሲዲ ሲሰጡ መጠናቸው ከፍ ይላል፤ ለድብርት ብዙ ጊዜ በ20 ሚሊግራም የሚጀመረውና አንዳንዱ ሰው እዚያው የሚቆይበት ፍሉኦክሰቲን ለኦሲዲ ከ40 እስከ 80 ሊደርስ ይችላል። ጥቅሙንም ለመመዘን ከ8 እስከ 12 ሳምንት መጠበቅ ያሻል። ብዙ ወገኖቻችን በሦስተኛው ሳምንት «አልሠራልኝም» ብለው ያቆሙታል። በደንብ ከወሰዱት ከ40 እስከ 60 በመቶ የሚሆኑት ጥሩ መሻሻል ያያሉ። ስለዚህ ግማሽ ያህሉ ታማሚ በመድኃኒቱ ብቻ አልዳነም፤ የመጋፈጥ ሕክምና የሚሰጥ ባለሙያ ደግሞ በእንግሊዝኛም በቀላሉ አይገኝ፣ በአማርኛማ አትጠይቁኝ። ካናቢስ የገባው በዚህ ክፍተት ነው።

ከሳይንሱ ወገን ነገሩ እንዲያው ከሜዳ የተነሣ አይደለም። ሰውን የሚያሰክረውን የተክሉን ንጥረ ነገር፣ ቲኤችሲን፣ በ1964 አንጥረው ያወጡት እስራኤል ውስጥ ራፋኤል መሹላምና ይሒኤል ጋኦኒ ናቸው። መሹላም ከፖሊስ የተቀበለውን አምስት ኪሎ ሐሺሽ በቦርሳ ይዞ በአውቶቡስ ወደ ላቦራቶሪው እንደ ተመለሰ እየሳቀ ይናገር ነበር። በኋላ የሌሎች ሰዎች ምርምር እንዳሳየው ቲኤችሲ የሚያርፍበት ሲቢ1 የተባለ ተቀባይ በአንጎላችን ውስጥ ሞልቷል፤ በተለይም ልማድንና ፍርሃትን በሚያስተዳድሩት ክፍሎች ውስጥ፣ ማለትም ኦሲዲ በሚያውካቸው በነዚያው ሰፈሮች። የብራዚል ተመራማሪዎች ደግሞ አይጦችን ብይ በተዘራበት የእንጨት ፍቅፋቂ ላይ ለቀቋቸው። አይጥ በተፈጥሮዋ ብዩን አንድ በአንድ ትቀብራለች፤ ሲቢዲ የተባለው የማያሰክረው ንጥረ ነገር ሲሰጣት የምትቀብረው ብይ ቀነሰ። ደስ የሚል ሙከራ ነው። ሆኖም አይጧ ንስሐ አባት የላትም፤ ብይ መቅበርም ጸሎት መድገም አይደለም።

በሰው ላይ የተደረጉት ጥናቶች ጥቂት ናቸው። ሁለቱን ጎን ለጎን እናስቀምጣቸውና ቀስ ብለን እንያቸው፤ የሐኪሞቹ ክርክር በሙሉ እዚያ ውስጥ አለ።

የመጀመሪያው የዋሽንግተን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2021 ያሳተሙት ነው። ካናቢስ ተጠቃሚዎች ስማቸው ሳይታወቅ በስልካቸው መተግበሪያ ላይ የሚያሰፍሩትን መዝገብ ወሰዱ፦ ከመውሰዴ በፊት ሕመሜ ከአሥር ስንት ነበር፣ ከወሰድኩ በኋላስ ስንት ሆነ። ኦሲዲ አለብን ያሉ 87 ሰዎች በ31 ወራት ውስጥ ከ1,800 ጊዜ በላይ መዝግበዋል። ውጤቱ ያስደንቃል፤ የመደጋገሙ ግፊት በ60 በመቶ፣ ያልተጠሩት ሐሳቦች በ49 በመቶ፣ ጭንቀቱ በ52 በመቶ ቀነሰ። ካናቢስ ሻጮች የሚጠቅሱት ይህንን ቁጥር ነው።

ሁለተኛው በኒውዮርክ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የተሠራና በ2020 የታተመ ነው። ካናቢስ አጭሰው የሚያውቁ 14 የኦሲዲ ታማሚዎች ተመዘገቡ፤ እስከ መጨረሻው የዘለቁት 12ቱ በተለያዩ ቀናት ላቦራቶሪ መጥተው ሦስት ዓይነት ሲጋራ በዕጣ አጨሱ፦ ቲኤችሲ የበዛበት፣ ሲቢዲ የበዛበት፣ ሁለቱም የሌሉበት ባዶ ቅጠል። የትኛውን እንደሚያጨሱ አልተነገራቸውም። በሦስቱም ቀን የኦሲዲ ምልክታቸው ቀነሰ፤ በሦስቱ ሲጋራዎች መካከል ግን ልዩነት አልታየም። ቲኤችሲው ልባቸውን አስሮጠ፣ ደም ግፊታቸውን ጨመረ፣ አሰከራቸው። ጭንቀታቸው ወዲያው ይበልጥ የቀለለው ደግሞ ባዶውን ቅጠል ባጨሱበት ቀን ነበር።

ታዲያ ማንን እንመን? 12 ሰው ትንሽ ነው፤ አንድ ጊዜ ማጨስና ለወራት በዘይት መልክ መውሰድም አንድ አይደሉም። ስለዚህ የኒውዮርኩ ጥናት «አይሠራም» ብሎ ጉዳዩን አልዘጋም። ያሳየን ነገር ቢኖር እፎይታው ብቻውን ምስክር እንደማይሆን ነው። አሁን ወደ ስልኩ መዝገብ እንመለስ። እዚያ ባዶ ቅጠል የሚባል ነገር የለም፤ ያልተስማማው ሰው መተግበሪያውን ያጠፋዋል፣ የተስማማው ይመዘግባል። በተጨማሪ ሻጮቹ የማይጠቅሱት አንድ ዓረፍተ ነገር እዚያው ወረቀት ላይ አለ፦ በነዚያ ወራት ሁሉ ሰዎቹ ከመውሰዳቸው በፊት የሚመዘግቡት የሕመም መጠን እምብዛም አልተለወጠም። ያልተጠሩትን ሐሳቦች የሚያስታግሰው ኃይሉም ከጊዜ ወደ ጊዜ ይቀንስ ነበር። ስልሳ በመቶ ቀለለን ያሉት ሰዎች በሚቀጥለው ጊዜ የሚነሡት ከዚያው ከነበሩበት ነው።

እኔ ከዚህ ሁሉ የምወስደው ይህንን ነው። «ካናቢስ ያስታግሳል ወይ?» ከሆነ ጥያቄው፣ ብዙ ሰው አዎ ይላል፣ እኔም አልከራከረውም። ኦሲዲ ግን ፈጣን እፎይታን የሚመገብ ሕመም ነው። ጸሎት መድገም ያስታግሳል፤ ለአባ መደወል ያስታግሳል፤ እጅ መታጠብም እንዲሁ። ልጅቷ ጸያፉ ሐሳብ ሲመጣባት የካናቢስ ዘይት ከምላሷ ሥር ብታንጠባጥብ፣ የድግግሞሿን ቦታ ዘይቱ ወረሰው እንጂ ሐሳቡን መፍራቷ አልቀረላትም። ከባልደረቦቼ ብዙዎቹ የሚፈሩት ይህንን ነው፤ ስካሩን ወይም ስሙን ብቻ አይደለም።

ሁሉም ሐኪም በዚህ አይስማማም፤ የሚከራከሩንንም በቅጡ መስማት ይገባናል። ጀርመን ሐኖቨር ውስጥ ኪርስተን ሙለር-ቫል የተባሉት የአእምሮ ሐኪም ቱሬት የተባለውን ሳይታዘዙት ሰውነትን የሚያንቀሳቅስ ሕመም በካናቢስ ለማከም ለዓመታት ሲያጠኑ ቆይተዋል፤ ቱሬትና ኦሲዲ ደግሞ ብዙ ጊዜ በአንድ ሰው ላይ ይገናኛሉ። በ2023 በአውስትራሊያ በ22 የቱሬት ታማሚዎች ላይ ቲኤችሲና ሲቢዲ አንድ ላይ ተሞክሮ የሰውነት እንቅስቃሴው ከባዶው መድኃኒት ይልቅ ቀንሷል፤ በጭንቀቱና በኦሲዲው ላይም ተስፋ የሚሰጥ ምልክት ታይቷል። የነዚህ ሐኪሞች ሙግት በእኔ አነጋገር ሲቀርብ እንዲህ ነው፦ መድኃኒቱን ሁሉ ሞክሮ ያልዳነ፣ ከቤት መውጣት ያቃተው ሰው አለ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2009 እንዲህ ላለው ሰው የራስ ቅሉ ተበስቶ ኤሌክትሪክ እንዲገባለት በልዩ ሁኔታ ፈቅዷል። ያንን የተቀበለ ሐኪም ቅጠል ይፈራል ወይ?

ጥያቄው ይከብዳል። የምመልሰው እንዲህ ነው፦ የራስ ቅል የሚበሱት ሰዎች ይህን የሚያደርጉት ታማሚውን ቆጥረው፣ መዝነው፣ ለዓመታት እየተከታተሉ ነው። እዚህ ግዛት ግን ሐኪሙ ካናቢስን አያዝም፤ ሕመሙ እንዳለባችሁ ብቻ ያረጋግጣል። የትኛው ዓይነት፣ ስንት ሚሊግራም፣ ለምን ያህል ጊዜ የሚለው የሚወሰነው በሱቁ ነው።

ከሁለቱ ወገኖች መሃል የሚያጓጓኝ ሦስተኛው ሐሳብ ነው። የሰውነታችን የራሱ የካናቢስ መሰል ሥርዓት ፍርሃትን በመርሳት ሥራ ውስጥ እጁ አለበት። ታዲያ የካናቢስን ጠባይ የተላበሰ መድኃኒት የመጋፈጥ ሕክምናውን ቢያግዝስ? በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ሞክረውታል። ናቢሎን የተባለውን በፋብሪካ የተሠራ ክኒን 11 ሰዎች ለአራት ሳምንት ወሰዱ፤ ከፊሎቹ ክኒኑን ብቻ፣ ሌሎቹ ክኒኑን ከመጋፈጥ ሕክምና ጋር። ክኒኑን ብቻ የወሰዱት ብዙም አልተሻላቸውም፤ ሁለቱን ያገኙት በግልጽ ተሻላቸው። መልካም ዜና ነው እንዳትሉ አንድ ነገር ጎድሏል፤ ክኒን ሳይወስድ የመጋፈጥ ሕክምናውን ብቻ ያገኘ ቡድን እዚያ አልነበረም። ያሻላቸው ክኒኑ ይሁን ሕክምናው ከዚህ ጥናት መለየት አይቻልም። እንደሚታወቀው ሕክምናው ብቻውንም ያድናል።

ወደ ጉዳቱ ልለፍ፤ እዚህ ላይ አላንዛዛም። አብዛኛው ኦሲዲ የሚጀምርበት ዕድሜ የእብደት ሕመም ከሚጀምርበት ዕድሜ ብዙም አይርቅም። በ2019 በላንሰት ሳይካትሪ መጽሔት የወጣ፣ በአውሮፓና በብራዚል 11 ቦታዎች የተሠራ ጥናት እንዳሳየው ቲኤችሲው ከመቶ 10 እጅና ከዚያ በላይ የሆነ ካናቢስ በየቀኑ የሚወስዱ ሰዎች ፈጽሞ ከማይወስዱት ይልቅ በእብደት ሕመም የመያዝ ዕድላቸው አምስት እጥፍ ያህል ነው። ዛሬ በሱቅ የሚሸጠው አብዛኛው ከዚያ በላይ ነው። በቤተሰቡ ውስጥ ድምፅ የሚሰማ፣ «ይከታተሉኛል» የሚል ሰው ያለበት ወጣት ካናቢስን ለኦሲዲ ብሎ መጀመር የለበትም፤ በዚህ ላይ ከማውቃቸው ሐኪሞች የሚከራከር አልሰማሁም። በየቀኑ የለመደ ሰው በድንገት ሲያቆም ደግሞ ጭንቀትና እንቅልፍ ማጣት ይመጣበታል፤ ያንን የኦሲዲው መመለስ ነው ብሎ ተመልሶ የሚጀምረው ብዙ ነው።

ከሕክምናው ውጭ የሆነ፣ ለእኛ ሰው ግን ከሁሉ የሚብስ ነገር ላንሣ፤ ጠበቃ አይደለሁምና ጠበቃ ጠይቁ። በፌዴራል ሕግ ካናቢስ ዛሬም ሕገ ወጥ ነው። የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ በ2019 ባወጣው መመሪያ ግዛቱ የፈቀደውን ካናቢስ መጠቀም እንኳ ዜግነት የሚጠይቅን ሰው የመልካም ጠባይ መስፈርት ሊያሳጣው እንደሚችል ገልጿል። ግሪን ካርድ ይዛችሁ ቃለ መጠይቅ የምትጠብቁ፣ ገና ወረቀታችሁ በሒደት ላይ ያለ፣ በካናቢስ ፕሮግራሙ ከመመዝገባችሁ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃችሁን አማክሩ። አገር ቤት ዘመድ ጥየቃ ስትሄዱም የካናቢሱን ጠርሙስ ሻንጣ ውስጥ እንዳትረሱት፤ በኢትዮጵያም ሆነ በዱባይ በኩል በምታልፉበት የሚኒሶታ ካርድ አያድናችሁም።

በመጨረሻ አሁን በዚህ አዳራሽ ውስጥ ሆነው በድብቅ እየተጠቀሙ ላሉት። ለሐኪማችሁ ንገሩ። «ይፈርድብኛል» ብላችሁ የምትደብቁት ነገር ከፍርድ የከፋ መዘዝ አለው፤ ሲቢዲ ጉበት መድኃኒት ከሚያስወግድባቸው መንገዶች አንዳንዶቹን ይዘጋል፣ ለምሳሌ ሲታሎፕራም የተባለውን መድኃኒት በደም ውስጥ ከተለመደው በላይ ከፍ ያደርገዋል። ሐኪማችሁ ካላወቀ የመድኃኒቱን ጉዳት ካናቢሱ ያመጣው፣ የካናቢሱን ደግሞ መድኃኒቱ ያመጣው እየመሰለው ይዳክራል። በገዛ እጃችሁ ፍሉኦክሰቲኑን ጥላችሁ በዘይቱ አትተኩት፤ ዘይቱንም ቢሆን በየቀኑ የለመዳችሁ ከሆነ በአንድ ቀን አትጣሉት፣ ቀስ በቀስ ይቀነሳል። እርጉዝ የሆነች ወይም የምታጠባ እህት ግን ዛሬውኑ ትንገረን። ለቀጠሮ ስትመጡ ጠርሙሱን ወይም እሽጉን ይዛችሁ ኑ፤ ማየት የምንፈልገው ወረቀቱ ላይ የተጻፈውን የቲኤችሲና የሲቢዲ ሚሊግራም፣ ከዚያም በቀን ስንት ጊዜና ምን ዓይነት ሐሳብ ሲመጣ እንደምትወስዱት ነው።